ደላላውን ከመስደባችሁ በፊት ጥናቱን አንብቡ!

ወገኖቼ፣ ጤፍ በጨመረ ቁጥር አንድ መፈክር አለ፦ «ደላላ ነው ያስወደደው!» ይለጠፋል፣ ላይክ ይሰበስባል፣ ሳምንት ሳይሞላ ይረሳል። ጤፉ ግን አይረክስም።

ሌላም ልማድ አለን። አንድ ልጅ ዶክትሬቱን ሲይዝ «እንኳን ደስ አለህ ዶክተር!» እያልን ፎቶው ሥር እንጎርፋለን። ምን አጠና ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ማዕረጉን እናነግሣለን፣ ጥናቱን እንቀብራለን።

እስቲ አንድ ምሳሌ እንይ፤ ዶ/ር እሌኒ ገብረመድህን። ስለ ፖለቲካቸው ኮሜንት ልትጽፉ የተዘጋጃችሁ፣ እሱን ለሌላ ቀን አቆዩት። ገና ወጣት ሳሉ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያጠኑት የእኛኑ የእህል ገበያ ነው። ጥናቱን የአሜሪካ የግብርና ኢኮኖሚክስ ማኅበር ሸልሞታል። ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

ምን ይላል መሰላችሁ? ነጋዴው የሩቅ ገበያ ዋጋ በቀላሉ አያገኝም። ሁሉም የሚስማማበት የእህል ጥራት ደረጃ የለም። ገዢው ውል ቢያፈርስ ቶሎ የሚዳኘው የለም። ስለዚህ የሚያምነውን ደላላ ይዞ ይሠራል፤ ደላላውም ገዢና ሻጭ ፍለጋ የሚባክነውን ወጪ ይቀንስለታል። አጭበርባሪ ደላላ የለም እያልኩ አይደለም። ግን ሰንሰለቱ እንደተበጠሰ ሆኖ ይሄኛውን ብታባርሩት ነገ ሌላው ይተካል፣ በቃ።

ሰንሰለቱ ሲበጠስ ምን እንደሚሆን ደግሞ አይተናል። በ1993 እና 1994 ዓ.ም. በቆሎ ተትረፍርፎ ዋጋው ተንኮታኮተ፤ ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል አቃተው። በ1995 ዓ.ም. ዝናብ ሲጠፋ ከ12 ሚሊዮን በላይ ወገናችን የእርዳታ እህል ጠበቀ። በጥጋብም ከሰርን፣ በድርቅም ተራብን። ይሄም የደላላ ሥራ ነው?

በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በእሳቸው መሪነት ተከፈተ። ሐሳቡ የተነሣው ከእህል ነበር። ግን በዓመቱ ቡናው በመንግሥት ትእዛዝ ገባ፣ ሰሊጥም ተከተለ፤ ገበያው የቆመው ዶላር በሚያመጡት በነዚህ ላይ ሆነ። የእናንተ ጤፍና በቆሎ በአብዛኛው እዚያው የድሮው መንገድ ላይ ቀረ። ጥናቱ ስለ እንጀራችን ነበር፤ የጎለበተው የኤክስፖርቱ ሆነ። ቁጣችሁን እዚህ ላይ አውጡት!

«ሥራ የለም» ይሉናል። እኔም ዲግሪዬን ይዤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ከሚቆሙት አንዱ ነኝ። ታዲያ የየወረዳውን ዋጋ ሰብስቦ ለገበሬው በስልኩ የሚያደርሰው ማነው? እህሉን በደረጃ የሚለየው፣ መጋዘኑን የሚያስተዳድረው ማነው? ሥራው ሞልቷል፤ የጠፋው ሥራዬ ብሎ የሚያደራጀው ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ነገር አድርጉ። ዶክትሬት የያዘ ወንድም ወይ እህት ስታዩ «እንኳን ደስ አለህ፣ እንኳን ደስ አለሽ» ብላችሁ አታቁሙ፤ «ምን አጠናችሁ? በአማርኛ አስረዱን» በሉ። ጤፍ ሲጨምር ደግሞ ከደላላው በፊት ባለሥልጣኑን ያዙት፦ የዋጋ መረጃው የታለ? መጋዘኑ የታለ? ውል ሲፈርስ ቶሎ የሚዳኘን ማነው?

ስድብ ጤፍ አያረክስም፤ ጥያቄ ግን ወንበር ያስለቅቃል። ያመናችሁበት ሼር አድርጉ።