ሪባኑ ተቆረጠ፣ ውሃውም ተቋረጠ!

ለመሆኑ የገጠር ልማት ለማን ነው? ለሚጠማው ነው ወይስ ለሚጎበኘው? ይህን የጠየቀ ሰው ወዲያውኑ «ምስጋና ቢስ» የሚል ታርጋ ይለጠፍበታል። ይለጠፍ! እኔ ቸርነትን አልነቅፍም፤ የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው። የምነቅፈው በድሃው ስም ተሰብስቦ፣ በድሃው ስም ወጪ ሆኖ፣ ሒሳቡ ግን ለድሃው የማይነገረውን ገንዘብ ነው።

እስቲ ያየሁትን ላውጋችሁ። በ2009 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ተነስተን ወደ መንዝ ወጣን። ጋባዣችን ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የዕርዳታ ድርጅት ነው። በነጫጭ ላንድክሩዘሮች ከባሕር ማዶ የመጡ ለጋሾችም አብረውን ነበሩ። ቀበሌዋ ስንደርስ ሕዝቡ ከማለዳ ጀምሮ ተሰልፎ ይጠብቀናል፤ ያውም በገብስ አጨዳ! ሕፃናት ይዘምራሉ፤ ሽማግሌዎች ባናቸውን ደርበው ቆመዋል፤ ዳቦ ተቆርሷል፤ ጠላ ቀርቧል። ሪባን ተቆረጠ። የእጅ ፓምፑ ተገፋ፤ ውሃው ተንዶለዶለ። ጭብጨባ! ፎቶ! ከፓምፑ አጠገብ የተተከለው ታፔላ ከራሱ ከፓምፑ ይበልጣል። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። መቼም ለመንዝ ገበሬ ተብሎ አልተጻፈም!

አንዲት እናት ጠጋ ብዬ፣ «እማማ፣ ደስ ብሎዎታል?» አልኳቸው።

«ምነው ደስ አይበለን ልጄ! ውሃ እኮ ነው» አሉኝ። ቀጠሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የማዶው ግን ዝም ካለ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ያኔም እንዲህ አጨብጭበን ነበር» አሉ።

«ማዶውን እንየው» ስል አስጎብኚያችን «ፕሮግራም ውስጥ የለም» አለ። በእግሬ ሄድኩ። ፓምፑ አለ፣ ታፔላው አለ፣ ውሃው የለም። እጀታው ላይ በግ ታስሯል።

አንባቢ ሆይ፣ የዚህ ዓይነቱ ፓምፕ ምን እንደሚያቆመው ታውቃለህ? ብዙ ጊዜ መዳፍ የማይሞላ ጎማ ነው። በገጠራችን በብዛት የተተከለው አፍሪዴቭ የሚባለው ፓምፕ በ1970ዎቹ ሲቀየስ የመንደሩ ሰው በአንድ ቁልፍ ፈትቶ እንዲጠግነው ታስቦ ነው። ጎማው ያልቃል፤ ይለወጣል፤ ውሃው ይቀጥላል። ታዲያ ያን ጎማ ማን ይግዛ? የት ይሸጣል? ለዚህ የሚመደብ በጀት የለም። ጎማ ሪባን የለውማ! «ጎማ ተለወጠ» ተብሎ ባለሥልጣን አይጋበዝ፣ ለጋሽ ፎቶ አይነሳ!

«የውሃ ኮሚቴ አለ» ተባልኩ። ሰብሳቢውን አገኘኋቸው። ለፓምፑ ስንት ብር እንደወጣ ጠየቅኳቸው። «እሱን እነሱ ያውቃሉ» አሉኝ። እኚሁ ሰው የዕድራቸው ዳኛ ናቸው። የዕድሩን ሒሳብ ስጠይቃቸው ግን እስከ ሳንቲሟ ቆጠሩልኝ! እንግዲህ ሒሳብ የማያውቅ ገበሬ አይደለም ያለው። ሒሳብ የተደበቀበት ገበሬ ነው።

የመንዝ ሰው እኮ ማስተዳደር ከማንም አልተማረም። እዚያው ጓሳ የሚባለውን አምባ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ራሱ በመረጣቸው አለቆች ሲጠብቅ የኖረ ነው። ሣሩን ለዓመታት ይዘጋዋል፤ ቀኑ ሲደርስ ከፍቶ ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭዳል። ሕግ የጣሰ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያን ሥርዓት ቢያፈርሰውም ሕዝቡ በኋላ ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን መልሷል። ታዲያ ስንት መቶ ዓመት ተራራ የጠበቀ ሕዝብ አንድ ፓምፕ መጠበቅ ያቅተዋል? አያቅተውም! ፓምፑ የኔ ነው እንዲል አልተደረገም እንጂ።

መንግሥትስ? እሱማ ሲመረቅ ከፊት ወንበር ነው፤ ሲበላሽ «የድርጅቱ ነው» ይላል። ኢሕአዴግ በ2001 ዓ.ም. ያወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ ገቢ የሚያገኝ ድርጅት በመብትና በዲሞክራሲ ጉዳይ እንዳይገባ ከለከለ። በአማርኛ ስንተረጉመው፡- ጉድጓድ ቆፍር፤ ሕዝቡ ውሃ ለምን አጣ ብለህ ግን አትጠይቅ! ይህ አዋጅ ዐሥር ዓመት ቆይቶ በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተካ። አዲሱ አዋጅ ክልከላውን አነሳ፤ የአስተዳደር ወጪም ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ደነገገ። ደግ! ግን የቀረው 80 በመቶ የት ገባ ብሎ የሚቆጣጠረው ማነው? አዲስ አበባ ያለ መሥሪያ ቤትና ባሕር ማዶ ያለ ለጋሽ። ባለጉዳዩ ገበሬ ከሰነዱ ውጭ ነው።

ይህ አሠራር ምን እንደሚያመጣ አይተናል። በሰኔ 2015 የአሜሪካ ዕርዳታ ድርጅት ዩኤስኤይድና የዓለም ምግብ ፕሮግራም «እህሉ ለተረጂው አይደርስም፣ ለሌላ ይውላል» ብለው በመላ አገሪቱ የምግብ ዕርዳታ ለወራት አቆሙ። ማን ተቀጣ? እህሉን የወሰደው ሳይሆን የራበው! ከዚያ ደግሞ ጥር 12 ቀን 2017 ዋሽንግተን ላይ አንድ ፊርማ ተፈርሞ ገንዘቡ ታገደ፤ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዩኤስኤይድ ራሱ ዕርዳታ ማካሄዱን አቆመ። ድምፅ ያልሰጠንበት ምርጫ የገጠራችንን ጤና ጣቢያና መጋዘን አንቀጠቀጠ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ማለት ይኸው ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችን ከባድ አይደለም። አንደኛ፣ የእያንዳንዱ ፕሮጀክት በጀት ገበሬው በሚያነበው ቋንቋ ቀበሌው ደጃፍ ይለጠፍ፤ ላላነበበ ደግሞ እንደ ዕድር ሒሳብ በስብሰባ ይነበብ። ሁለተኛ፣ ፓምፕ የሚተክል ሁሉ መለዋወጫው ወረዳው ላይ እንደሚሸጥ ሳያረጋግጥ አይትከል። ሦስተኛ፣ አዲስ ሪባን ከመቆረጡ በፊት የቀደመው ፓምፕ ውሃ መስጠቱ ይታይ። አራተኛ፣ ወረዳው በምረቃው ቀን የተቀመጠበትን ወንበር በብልሽቱም ቀን ይቀመጥበት።

ገበሬውን ለጭብጨባ ብቻ ለምትፈልጉት ሁሉ፡- የሚያጨበጭበው እጅ ጣት አለው። ጣት ሒሳብ ይቆጥራል፤ ሲመረው ደግሞ ይጠቁማል!