የሚወድቀው የባሕር ዐምድ ይደገፍን?

ከስኮትላንድ በስተ ሰሜን ከሚገኙት የኦርክኒ ደሴቶች አንዷ ሆይ ትባላለች። በምዕራባዊ ዳርቻዋ «የሆይ ሽማግሌ» የተሰኘ ቀይ የዓለት ዐምድ ተገትሯል። ቁመቱ 137 ሜትር ነው። አካሉ አሸዋ ድንጋይ፣ መሠረቱ ደግሞ ባዛልት ነው። ስሙ ሽማግሌ ይሁን እንጂ በሥነ ምድር አቆጣጠር ገና ሕፃን ነው፤ ሠዓሊው ዊልያም ዳንኤል እ.ኤ.አ. በ1817 በሣለው ሥዕል ላይ ከግርጌው ቅስት ያለው፣ በሁለት እግሮች የቆመ ሰፊ ዓለት ሆኖ ይታያል። አንደኛው እግር በዚያው ክፍለ ዘመን በማዕበል ተወስዷል። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ በላይኛው ክፍሉ 40 ሜትር ያህል የሚረዝም ስንጥቅ ታይቷል።

ይህን የሚያነብ ሰው «ታዲያ ለምን በብረትና በሲሚንቶ አይደግፉትም?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። በእኔ እምነት ግን ሊደገፍ አይገባውም።

ምክንያቱ ከአፈጣጠሩ ይጀምራል። ሞገድ ወደ ዓለት ስንጥቅ ሲገባ በውስጡ ያለውን አየር ያምቀዋል፤ ውኃው ሲመለስ የታመቀው አየር በድንገት ይለቀቃል። ይህ ሲደጋገም ስንጥቁ ሰፍቶ ዋሻ ይሆናል። ወደ ባሕር በገባ የየብስ ጫፍ ግራና ቀኝ የተፈለፈሉ ዋሻዎች ሲገናኙ ቅስት ይፈጠራል፤ የቅስቱ ጣሪያ ሲናድም ዐምዱ ብቻውን ይቀራል። እንግዲህ ሠሪውም አፍራሹም ያው ሞገድ ነው። አንዱን ወገን በሲሚንቶ ብንለጥፈው ሞገዱ ጎን ያለውን ለስላሳ ድንጋይ መቦርቦሩን አይተውም።

መፍረሱም ሁልጊዜ ኪሳራ አይደለም። በጋላፓጎስ ደሴቶች የሚገኘው የዳርዊን ቅስት እ.ኤ.አ. ግንቦት 17 ቀን 2021 ጣሪያው ሲወድቅ በቦታው ሁለት ዐምዶች ቀሩ። ጋዜጦች «ጠፋ» ብለው ዘገቡ፤ ለሥነ ምድር ተማሪ ግን በመጽሐፍ የሚያየው ሥዕል በዓይኑ ፊት አንድ ደረጃ ተሻገረ ማለት ነው።

በእርግጥ ጉዳዩን ከሩቅ ሆኖ ማየት ቀላል ነው። በማልታ የጎዞ ደሴት «ሰማያዊው መስኮት» የተባለው የኖራ ድንጋይ ቅስት እ.ኤ.አ. መጋቢት 8 ቀን 2017 በማዕበል ሲናድ፣ ከጎብኚ በሚገኝ ገቢ የሚተዳደሩ ሰዎች ማዘናቸው እውነተኛ ነበር። በማግስቱ ዓመት አንድ ሩሲያዊ አርክቴክት በቦታው የብረት ቅስት እንዲቆም ሐሳብ አቀረበ። ቅርጹ ያምር ይሆናል፤ ነገር ግን ሰው የሠራው ሐውልት እንጂ ባሕር የፈለፈለው ዓለት አይሆንም። ከመናዱ 4 ዓመት ቀደም ብሎ የተካሄደ ጥናት ቅስቱ በቅርቡ ይወድቃል የሚል ድምዳሜ ላይ አልደረሰም ነበር። የዓለትን መውደቂያ ቀን መተንበይ ይህን ያህል አስቸጋሪ ነው። የማልታ መንግሥት በቅስቱ ላይ መራመድን አስቀድሞ መከልከሉ፣ ማንኛውም ድጋፍ ከሚያስገኘው ጥቅም የበለጠ ብልህነት ነበረው።

ስለዚህ ለሲሚንቶ የሚታሰበው ገንዘብ ለአጥርና ለልኬት ይዋል። ዳንኤል እርሳሱን ባያነሣ ኖሮ የሆይ ሽማግሌ ሁለት እግር እንደነበረው ይህን ያህል በግልጽ ባላወቅን ነበር። ዛሬ በየዓመቱ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ አቅጣጫ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ተማሪ ከእርሱ የላቀ መረጃ ሊያስቀር ይችላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ካሜራ፣ የተመዘገበ ቀንና በዐምዱ ግርጌ የማይቆም ጥንቃቄ ነው።