በኪራይ ግቢ የተተከለች ዋንዛ

«በሰው ግቢ ዛፍ የሚተክል ሰው ምን ይባላል?» እያሉ የሥራ ባልደረቦቼ ሲስቁብኝ መልስ አልነበረኝም። ባሕር ዳር ከተማ በኪራይ ቤት የምኖር የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቀን የሌሎችን ገንዘብ ስቆጥር እውላለሁ፤ ማታ ማታ ግጥም እሞክራለሁ። ከሰባት ዓመት በፊት፣ በሰኔ መጨረሻ፣ ግንዷ ከጣት የማይወፍር የዋንዛ ችግኝ ገዝቼ ከተከራየሁበት ክፍል ጥቂት እርምጃ ርቄ ተከልኋት። ዛሬ ስለ እርሷ የምጽፈው አንድ ነገር ለማለት ነው፤ ተከራይም ቢሆን ዛፍ ይትከል፣ ሲተክልም ለሰው ጥላ፣ ለንብ ደግሞ ቀለብ የሚሆነውን ይምረጥ።

ዋንዛን የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። ነገር ግን አብዛኞቻችን የምናውቀው ከተቆረጠ በኋላ ነው። «የዋንዛ ቁም ሣጥን» ስንል በኩራት ነው፤ በራችን ዋንዛ፣ ሙቀጫችን ዋንዛ፣ በበዓል ቀን ልባችንን የሚያሸብረው ከበሮም ብዙውን ጊዜ ዋንዛ ነው። ሕያው ዋንዛ ግን ሌላ ነው። ቅጠሉ ሰፊና ሻካራ ነው፤ ጥላውም ወፍራም። ዝናሙ ሲያባራ አፋቸውን እንደ ትንሽ መለከት የከፈቱ ነጫጭ አበቦች በዘለላ ይወጡበታል። አበባው ሲረግፍ ምድሩን ነጭ ምንጣፍ ያለብሰዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ቢጫ፣ ጣፋጭና የሚያጣብቅ ፍሬ የገጠር ልጅ የነበረ ሁሉ አይረሳውም።

ለንብ ደግሞ ዋንዛ ሙሉ ማዕድ ነው። ከአበባው የምትቀዳው ጣፋጭ ፈሳሽ ማር ይሆናል፤ የአበባው ብናኝ የእጮቿ ምግብ ነው። ስለ ንብ አበባ ሲነሣ ሁላችን አደይን እናስባለን፤ አደይ ግን ፈጥና የምታልፍ እንግዳ ናት። የሜዳው አበባ ሲጠወልግ የንቧን ገበታ የሚያራዝሙላት እንደ ዋንዛ ያሉ ዛፎች ናቸው።

ዋንዛዬን ማሳደግ ትዕግሥት እንጂ ጥበብ አልጠየቀኝም። በግና ፍየል እንዳይቀጥፏት በእሾህ አጠርሁላት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች ፊቴን የታጠብሁበትን ውኃ አልደፋሁም፤ ለእርሷ ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ በአምስተኛው ዓመት አበበች፤ ንቦቹም መጡ። ከንቦቹ ጋር ደግሞ ጠብ መጣ።

«ልጄ፣» አሉኝ የቤቱ ባለቤት እማማ፣ «ይህ ንብ የልጅ ልጆቼን ይነድፍብኛል፤ ዛፉን ቁረጥልኝ።» ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። እኔም፣ ንብ አጥብቃ የምትጠብቀው ቀፎዋን እንጂ አበባውን አለመሆኑን፣ ካልጨበጧትና ካልረገጧት በቀር አበባ ላይ ያለች ንብ ሰው እንደማትፈልግ አስረዳኋቸው። «አበባው እስኪረግፍ ብቻ ይታገሡኝ፤ እስከዚያ ልጆቹ በባዶ እግራቸው ከዛፉ ሥር እንዳይሄዱ እኔ እጠብቃለሁ» ብዬም ለመንኋቸው። ታገሡኝ። ማንም አልተነደፈም። በተከታዩ ዓመት እማማ ራሳቸው ረከቦታቸውን ከዋንዛዋ ሥር ዘረጉ።

አንባቢ ሆይ፣ ችግኝ መትከልማ ለምዶብናል ትል ይሆናል። እውነት ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። ቁጥር እንጀራዬ ነውና ቁጥርን አልንቅም። ነገር ግን ሒሳብ መክፈት ብቻውን ቁጠባ እንዳልሆነ ከማንም በላይ የባንክ ሰው ያውቃል። የእኔ ጥያቄ ስንት ተተከለ ሳይሆን ምን ተተከለ፣ በጥር ፀሐይስ ማን አጠጣው የሚል ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ባለውለታችን ነው፤ አበባውንም ንብ ትወደዋለች። ይሁን እንጂ ባሕር ዛፍን የምንተክለው ቆርጠን ለመሸጥ ነው። ዋንዛን በግቢ መትከል ግን ቁጭ ብለው ለማያውቁት ሰው ማሰብ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር በመንግሥት ደን ውስጥ እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። አዋጅ ደንን ይጠብቅ ይሆናል፤ በግቢ ያለችውን አንዲት ዛፍ የሚጠብቃት ግን ፍቅር ብቻ ነው። ይህን የምለው በምክንያት ነው። ዘንድሮ ቤቱ ተሸጠ። እማማ ወደ ልጃቸው ሊሄዱ ነው፤ እኔም በኅዳር መጨረሻ እለቃለሁ። አዲሱን ባለቤት አላውቀውም፤ ምናልባት ዋንዛዋ የቆመችበትን ቦታ ለመኪና ይፈልገው ይሆናል።

ባልደረቦቼ «ከሰርህ!» ይሉኛል። ሒሳቡን ሠራሁት። ሰባት ዓመት ውኃ አጠጣሁ፤ ሦስት ዓመት በጥላዋ አነበብሁ፤ ሁለት ሰዎች ሳንዛመድ በሥሯ ቡና ተጣጣን። ከከተማችን አቅራቢያ ያለው የዘጌ ቡናም የሚያድገው በዛፍ ጥላ ሥር ነው። ያን ጥላ ያቆዩልን ሰዎች ዛሬ የሉም፤ ቡናውን ግን እኛ እንጠጣለን። እነርሱ «የማን ግቢ ነው?» ብለው ቢያመነቱ ኖሮ እኛ ምን እንጠጣ ነበር? በምድር ላይ ሁላችን ተከራዮች ነን፤ ልዩነታችን የውሉ ርዝመት ነው።

ባለፈው እሑድ እማማ ጠሩኝና፣ «ለገዢው ቤቱን ሸጥሁለት፤ ዛፏን ግን አደራ ነው ያልሁት» አሉኝ። አደራውን ይጠብቅ አይጠብቅ አላውቅም። እኔ ግን የአምናውን ፍሬ ሥጋውን አጥቤ፣ ዘሩን አድርቄ ያበቀልኋቸው አራት ችግኞች አሉኝ። አንዱን ለአዲሱ ባለቤት ትቼለት እሄዳለሁ፤ ሦስቱ ከእኔ ጋር ወደ ሌላ ሰው ግቢ ይጓዛሉ። ለዋንዛዬ ደግሞ ይህችን ትቼላታለሁ፦

ጓዜን ሸካክፌ ከደጅሽ ስወጣ፣
ማን ነህ አትበዪው ከጥላሽ ሲመጣ፤
አበባሽን ለንብ፣ ጥላሽን ለእንግዳ፣
ስጪ እንደ ልማድሽ፣ የለብሽም ዕዳ።