አንድም ተማሪ ያላሳለፉትን ትምህርት ቤቶች በስማቸው ንገሩን

ለኢትዮጵያ ትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ክቡር ሚኒስትር፣

በቅድሚያ ምስጋና ለሚገባው ምስጋና ልስጥ። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተሰርቆ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲናኝ ያየ ሰው፣ ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ መደረጉን አይነቅፍም። የ2014 ዓ.ም. ውጤት ጉድ ቢያሰኝም እውነት ነበር፦ ከ896 ሺህ በላይ ተፈትነው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ አልሞሉም። ያንን ሳይሸፋፍኑ ለሕዝብ መናገር ድፍረት ይጠይቃል።

ቅሬታዬ ከዚያ ወዲህ ባለው ነው። ወንፊቱ ጠበቀ፤ እህሉ ግን ያው ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ክፍል ሲገባ መጽሐፉ አብሮት አልገባም። ስልክ ያለው ቤተሰብ ልጅ በቴሌግራም የተላከለትን ፋይል ያነባል፤ የሌለው መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈለትን ይገለብጣል፤ እሱም ሳያልቅ ደወል ይደወላል። ደመወዙ ለወር አስቤዛ የማይበቃው መምህር ደግሞ ሌላ ሥራ ባገኘ ቀን ይሄዳል።

በ2017 ዓ.ም. የአላፊዎች ድርሻ 8.4 በመቶ ደረሰ ተባልን። ደግ ነው፤ ያለፉት ወደ 49 ሺህ ከፍ ብለዋል። ነገር ግን የተፈተኑት 586 ሺህ ገደማ ናቸው፤ ከ2014ቱ ከ300 ሺህ በላይ ያንሳሉ። የ2017ቱን አላፊዎች ለ2014ቱ ተፈታኞች ቢያካፍሏቸው 5.5 በመቶ አካባቢ ነው የሚመጣው። ግጭት በር ያዘጋባቸው ትምህርት ቤቶች እንዳሉ እናውቃለን። የቀሩት ልጆች የት ገቡ? መቶኛው ይህን አይነግረንም።

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። በ2015 ዓ.ም. 1,328፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 1,363 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እነዚያው ናቸው ወይስ ሌሎች? በየዓመቱ የምንሰማው ጥቅል ቁጥር ነው፤ ወላጅ ልጁን የሚልክበት ትምህርት ቤት ከዚያ ውስጥ ይኑር አይኑር አያውቅም። ያላለፉ ተማሪዎች የሚማሩት የማካካሻ (ሪሚዲያል) ትምህርትም ቢሆን ለተማሪው እንጂ ለትምህርት ቤቱ መድኃኒት አይደለም፤ ልጁ ወጥቶ ሲሄድ ክፍሉ እንደነበረው ታናሹን ይቀበላል።

ትምህርት ቤት የሚያስተዳድረው ክልሉና ወረዳው ነው ይሉኝ ይሆናል። ልክ ነው። ፈተናውን የሚያርመው፣ ዝርዝሩን የያዘው ግን የፌዴራሉ መንግሥት ነው።

ስለዚህ አዲስ የትምህርት ፍኖተ ካርታ አልጠይቅም፤ የ2010ሩ ገና ተግባራዊ ሆኖ አላለቀም። የምጠይቀው አንድ ሰነድ ነው። ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ማንንም ያላሳለፈ ትምህርት ቤት ሁሉ በስሙ ይውጣ። በስሙ ሥር ስንት የሒሳብ፣ የፊዚክስና የእንግሊዝኛ መምህር እንዳለው፣ አንድ መጽሐፍ ለስንት ተማሪ እንደሚደርስ፣ ቤተ ሙከራው ይሠራ እንደሆነ፣ በኢንስፔክሽን ስንተኛ ደረጃ እንዳገኘ ይጻፍ። ርእሰ መምህሩን ለማሸማቀቅ አይደለም፤ የጎደለውን ማን፣ እስከ መቼ እንደሚያሟላ እንድናውቅ ነው። ዝርዝሩ ከመጪው መስከረም ምዝገባ በፊት በየወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና በየትምህርት ቤቱ በር ላይ እንዲለጠፍ ትእዛዝ ይስጡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቀድሞ የሁለተኛ ደረጃ መምህር