ለቤታችን የቱ ይሻላል፦ ዴስክቶፕ ወይስ ላፕቶፕ?

 

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጎረቤታችን የሆኑ አባት ከዐስር ሶላት በኋላ መስጊዱ በር ላይ አስቆሙን። «ኡስታዝ፣ ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኳት ጥቂት ገንዘብ አለችኝ። ለልጆቹ ኮምፒዩተር ልገዛባት ነው። ትልቁ ልጄ ላፕቶፕ ካልሆነ ይቅርብኝ ይላል፤ እናቱ ደግሞ ከቤት የማይወጣው ይሁን ትላለች። እርስዎ ምን ይላሉ?» አሉን። እኛም ሳናስብ፣ «ሐጂ፣ ዘመኑ የላፕቶፕ ነው፤ እሱኑ ይግዙ» አልናቸው።

ገዙ። ብዙም ሳይቆይ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ተመደበና ላፕቶፑን በቦርሳው ይዞ ሄደ። የ11ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪ የሆኑት ሁለት እህቶቹ ባዶ ጠረጴዛ ታቅፈው ቀሩ። ሐጂ አንዳች አልወቀሱንም፤ እኛን ግን ነገሩ ሲከነክነን ኖረ። «ቤት ውስጥ ስንት ልጅ አለ? የሚጠቀምበትስ ማን ነው?» ብለን መልሰን አልጠየቅናቸውምና። የዛሬው ጽሑፋችን ያኔ ልንሰጥ ይገባን የነበረው መልስ ነው።

ጉዳዩ የቅንጦት አይደለም

«ስልክ እያለ ኮምፒዩተር ለምን?» የሚሉ ወላጆች አሉ። በስልክ ማንበብና መልእክት መላክ ይቻላል። አምስት ገጽ ጽሑፍ መጻፍ፣ ሒሳብ በሠንጠረዥ መሥራት፣ ፕሮግራም መማር ግን ስልክ ላይ ጣር ነው። ከዚህም በላይ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 (እ.ኢ.አ) ለመጀመሪያ ጊዜ ለከፊል ተማሪዎች በኮምፒዩተር ተሰጥቷል፤ በ2017ም ቀጥሏል። በፈተናው ቀን ማውስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጨብጥ ልጅና ቤቱ ሲለማመድ የከረመ ልጅ እኩል ተቀመጡ ማለት ይቻላልን? ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚገባው ኮምፒዩተር የትኛው እንደሚሆን ረጋ ብሎ መምረጥ ተገቢ ነው።

ዋጋውን ሙሉውን ቁጠሩ

በአንድ ዓይነት ገንዘብ ዴስክቶፕ ብዙውን ጊዜ የተሻለ ጉልበት ይሰጣል። ሆኖም ሱቅ ውስጥ የሚነግሯችሁ ዋጋ አንዳንዴ የሳጥኑ ብቻ ነው። ሞኒተር፣ ኪቦርድ፣ ማውስ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ለኦንላይን ትምህርት ካሜራና ማይክሮፎን፣ ሳጥኑ ዋይፋይ ከሌለው ደግሞ ትንሽዋ የዋይፋይ መቀበያ፣ በመጨረሻም ዩፒኤስና ጠረጴዛ ይጨመራሉ። ላፕቶፕ ግን ከዩፒኤሱና ከጠረጴዛው በስተቀር ሁሉንም በአንድ አካሉ ይዞ ይመጣል። እንግዲህ ሁለቱን ስታወዳድሩ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ፣ ዝርዝሩን ደምራችሁ ይሁን። ሳጥኑን ብቻ አይቶ «ረከሰ» ብሎ የገዛ ሰው ግማሽ ኮምፒዩተር ይዞ ቤቱ ይገባል።

የመብራቱ ነገር

በእኛ አገር ይህን ሳያነሱ ስለ ኮምፒዩተር ማውራት አይቻልም። መብራት ድንገት ሲጠፋ ዴስክቶፑ ያኔውኑ ይሞታል። ያልተቀመጠ ጽሑፍ ይጠፋል፤ ነገሩ ሲደጋገምም ሃርድ ዲስኩ ሊጎዳ ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ዩፒኤስ ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው ዩፒኤስን እንደ ጄነሬተር ይቆጥረዋል። በየሱቁ የሚሸጠው 650 ቪኤ የሚባለው ትንሹ ዓይነት ለዴስክቶፕና ለሞኒተር የሚሰጠው የደቂቃዎች ፋታ ነው፤ ሥራን አስቀምጦ በሥርዓት ለመዝጋት እንጂ ቁጭ ብሎ ለመሥራት አይደለም። ውስጡ ያለው ባትሪም ከጥቂት ዓመታት በኋላ መለወጥ ይፈልጋል።

ላፕቶፕ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው፤ ባትሪው ራሱ ዩፒኤሱ ነው። ደህና ባትሪ ያለው ላፕቶፕ መብራት በሌለበት ማታ ሁለትና ሦስት ሰዓት ያስጠናል። የኤሌክትሪክ ፍጆታውም አነስተኛ ነው። ተራ ዴስክቶፕ ከነሞኒተሩ 100 ዋት፣ ላፕቶፕ ደግሞ 30 ዋት ይወስዳሉ እንበል። በቀን 4 ሰዓት ቢሠሩ፣ በወር የመጀመሪያው 12 ኪሎዋት ሰዓት፣ ሁለተኛው 3.6 ኪሎዋት ሰዓት ይበላሉ ማለት ነው።

ባትሪ ግን ዕድሜ አለው። ሊቲየም ባትሪ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ያህል ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ከተራገፈ በኋላ አቅሙ በሚታወቅ ሁኔታ እየቀነሰ ይሄዳል። ሙቀትም ያደክመዋል። የትኛውንም ብትገዙ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ስለሚል ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፤ ጥቂት ቆይታችሁ መልሱ።

ሲበላሽስ?

ዴስክቶፕ እንደ ድሮ ብስክሌት ነው፤ የተበላሸው ክፍል ተፈትቶ ይለወጣል። ራም ይጨመርለታል፣ ፓወር ሰፕላዩ ይቀየራል፣ ኪቦርዱ ላይ ቡና ቢደፋ ኪቦርዱ ብቻ ይጣላል። ላፕቶፕ ላይ ያ ቡና ቢደፋ ግን ከኪቦርዱ ሥር ያለው ዋናው ቦርድ ነው። ስክሪኑ ከተሰነጠቀ ወይም ማጠፊያው ከተሰበረ የጥገናው ዋጋ ያስደነግጣል። በአንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ በመሆኑ በኋላ ልጨምር ቢሉም አይቻልም። ትናንሽ ልጆች በሚሯሯጡበት፣ ረከቦት በሚዘረጋበት ቤት ይህ ተራ ነገር አይደለም።

ላፕቶፕን ፍራሽ ወይም ምንጣፍ ላይ አስቀምጦ መሥራትም የተለመደ ጥፋት ነው። አየር የሚያስገባው ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ ከሥሩ ስለሆነ ጨርቁ ይደፍነዋል፤ ማሽኑ ይግላል፣ ይዘገያል፣ ዕድሜው ያጥራል። ቢያንስ ጠፍጣፋ ጣውላ ከሥሩ አድርጉለት።

አንገትና ዓይን

ላፕቶፕ ስክሪኑና ኪቦርዱ የተያያዙ በመሆናቸው እጅ ሲመቸው አንገት ይጎብጣል። ለአንድ ሰዓት ችግር የለውም፤ በየቀኑ አራት ሰዓት ለሚያጠና ልጅ ግን ሕመም ያመጣል። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይን ትይዩ፣ ርቀቱም የክንድ ያህል ቢሆን መልካም ነው። ዴስክቶፕ ለዚህ ይመቻል። ላፕቶፕ ያላችሁም አትጨነቁ፤ ማሽኑን በጥቂት መጻሕፍት ከፍ አድርጋችሁ የተለየ ኪቦርድና ማውስ ብትሰኩበት ጉዳዩ ይፈታል።

የት ይቀመጥ? ማንስ ይጠቀምበት?

ውድ አንባቢያን፣ ከዋጋውም ከዋቱም ይልቅ ልናተኩርበት የሚገባው ይህ ነው። ዴስክቶፕ ቦታ አለው። ሳሎን ከተቀመጠ ሁሉም ያየዋል፤ ልጁ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ስለላ አያስፈልግም። እናት ሻይ ስታቀርብ ታያለች፣ ታናሹም ከታላቁ ትከሻ ላይ ሆኖ ይማራል። ላፕቶፕ ግን እግር አለው። ወደ መኝታ ክፍል፣ ወደ ጓደኛ ቤት፣ ከብርድ ልብስ ሥርም ይገባል። ይህ ማለት ላፕቶፕ ክፉ ነው ማለት አይደለም፤ ደንብ ይፈልጋል ማለት ነው። «ከዒሻ በኋላ ማሽኑ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ያድራል» የሚል አንድ ደንብ፣ አባትና እናት ስልካቸውን አብረው እዚያው ካስቀመጡ፣ ከብዙ ቁጣ ይበልጣል።

ሌላም አለ። ብዙ ልጆች ባሉበት ቤት ተንቀሳቃሽ ነገር ሁልጊዜ ወደ ጠንካራው እጅ ይሄዳል። በአብዛኛው ያ እጅ የትልቁ ወንድ ልጅ ነው። ሴት ልጆች ከትምህርት ቤት ተመልሰው ማዕድ ቤት ይገባሉ፤ ሥራ ጨርሰው ሲወጡ ማሽኑ ተይዟል፣ አልያም ከቤት ወጥቷል። በልጆች መካከል ፍትሐዊ መሆን ግዴታችን መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ግን ፍትሕ በስጦታና በልብስ ብቻ ነውን? የኮምፒዩተር ሰዓትም ይከፋፈላል። ወረቀት ላይ የሰዓት ድልድል ጽፋችሁ ከጠረጴዛው በላይ ለጥፉ። በማሽኑም ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ የየራሱን መግቢያና የይለፍ ቃል ክፈቱ፤ የአንዱ ሥራ በሌላው እጅ እንዳይጠፋ።

ያገለገለ ስትገዙ

አብዛኞቻችን የምንገዛው ከውጭ አገልግሎ የመጣውን ነው። ነውር የለውም፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ እ.ኤ.አ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ማሽኖች በአብዛኛው የሚቀበለው 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ ወዲህ ያሉትን ነው።

ሻጩ «ኮር አይ 7 ነው!» ብሎ ቢያሞግስ አትደናገጡ። ከ«አይ 7» ወይም «አይ 5» ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቡ። 4770 ከሆነ 4ኛ፣ 8250 ከሆነ 8ኛ፣ 10210 ከሆነ 10ኛ ጄኔሬሽን ነው። 8ኛ ጄኔሬሽን አይ 5፣ 4ኛ ጄኔሬሽን አይ 7 ከተባለው ይልቅ ለቤታችሁ ረጅም ዕድሜ አለው። ራሙ ከ8 ጊጋባይት አይነስ፤ ማስቀመጫውም ኤስኤስዲ ይሁን። አሮጌ ሃርድ ዲስክን በኤስኤስዲ መለወጥ ብቻውን የሚያዘግመውን ማሽን ያነቃዋል።

ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ሃያ ደቂቃ አሠሩት፤ የባትሪው መቶኛ እንዴት እንደሚወርድ ተመልከቱ። እያንዳንዱን ፊደል ተጫኑ፤ ነጭ ገጽ ከፍታችሁ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ መኖሩን እዩ፤ ክዳኑን ደጋግማችሁ ክፈቱና ዝጉ። ማሽኑን አጥፍታችሁ ስታስነሱ የማታውቁት የይለፍ ቃል ወይም የቀድሞ ድርጅት ስም ከመጣ ተዉት።

ታዲያ የቱን?

ቤት ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ተማሪዎች ካሉ፣ ማሽኑም ከቤት የማይወጣ ከሆነ ዴስክቶፕ ከዩፒኤስ ጋር ይሻላል። ተጠቃሚው አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወይም ለሥራ ወዲያ ወዲህ የሚል ሰው ከሆነ ላፕቶፕ ነው። መብራት በየቀኑ ለሰዓታት የሚጠፋበት ሰፈር፣ ወይም ጠረጴዛ መዘርጊያ የሌለው ጠባብ ቤት ከሆነም ላፕቶፕ ያመዝናል፤ ነገር ግን የአንድ ሰው ሳይሆን የቤቱ ንብረት መሆኑ ከግዢው በፊት ለሁሉም ይነገር።

ሐጂስ? ገንዘብ እስኪያጠራቅሙ ቆይተው ለሴቶች ልጆቻቸው ያገለገለ ዴስክቶፕ ሊገዙ ሲነሱ አብረናቸው ሄድን። ሻጩ በመጀመሪያ ያቀረበልን «አይ 7» ቁጥሩ በ4 ይጀምር ነበር፤ አመስግነን መለስንለት። በቀጣዩ ሱቅ 8ኛ ጄኔሬሽን አይ 5 አገኘን። ዛሬ ሳሎናቸው ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ከጠረጴዛው በላይ በታናሽቱ የእጅ ጽሑፍ የሰዓት ድልድል ተለጥፏል። ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ «እማማ፦ እሑድ ጠዋት» ይላል። እናትየዋ ስማቸውን በአማርኛ መጻፍ ተምረው ጨርሰዋል፤ አሁን ለወንድ ልጃቸው ደብዳቤ ጀምረዋል።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።