ኳሱ ሲቆም

ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ፣ በግራ ክንፍ ሲጫወት ተመልካቹን ከመቀመጫው የሚያስነሣው፣ በቀደም ዕለት ከክፍል በኋላ መጣና፣ «መምህር፣ ትምህርቱን ትቼ ኳሱን ብቻ ብይዝ ምን ይመስልዎታል?» ሲል ጠየቀኝ። ኳስ የሰነፍ ሥራ ነው ብዬ ልመልሰው አልወደድሁም፤ እውነት አይደለምና። በዚህ ፈንታ የአንድ ሰው ታሪክ ነገርሁት። ያንኑ ዛሬ ለእናንተም፣ ውድ አንባብያን፣ ላካፍላችሁ።

ሰውዬው ሮጀር ስታውባክ ይባላል፤ አሜሪካዊ ነው። የተጫወተውም የእኛን ዓይነት ኳስ ሳይሆን፣ አሜሪካኖች እንቁላል የመሰለች ኳስ በእጅ እየወረወሩ፣ ታቅፈው እየሮጡና እየተጋፉ የሚጫወቱትን ነው። የእርሱ ድርሻ ጨዋታውን እየመራ ኳሷን ለጓደኞቹ መወርወር ነበር።

በ1963 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው) በአናፖሊስ የባሕር ኃይል አካዳሚ ተማሪ ሳለ፣ ከአሜሪካ የኮሌጅ ተጫዋቾች ሁሉ ለበለጠው በየዓመቱ የሚሰጠውን የሃይዝማን ሽልማት አገኘ። በ1964 ዳላስ ካውቦይስ የተባለው ክለብ መረጠው። ነገር ግን የአካዳሚው ምሩቅ በውትድርና የማገልገል ግዴታ ስላለበት፣ ከ1965 እስከ 1969 በባሕር ኃይል ቆየ፤ ከዚሁም አንዱን ዓመት በቬትናም በስንቅና ትጥቅ መኰንንነት አሳለፈ። ወደ ክለቡ ሲገባ ዕድሜው 27 ነበር፤ ባለትዳርና የልጆች አባትም ሆኗል።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ። በ1970 የውድድሩ ወራት ባለፈ ጊዜ፣ ስታውባክ በዳላስ ከተማ ቤትና ሕንጻ በሚያሻሽጥና በሚያከራይ በሄንሪ ሚለር ኩባንያ ውስጥ ገብቶ እንደ ጀማሪ ሥራ መማር ያዘ። በጥር 1972 ክለቡ የአገሪቱን ታላቅ ዋንጫ ሲያገኝ የዕለቱ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። ከዚያ ሁሉ ጭብጨባ በኋላም ቢሮውን አልተወም። በ1977፣ ገና ተጫዋች ሳለ፣ ከአንድ ባልደረባው ጋር የራሱን ኩባንያ አቋቋመ።

የኩባንያው ሐሳብ ለመግለጽ ቀላል ነው። የሕንጻ ደላላ ብዙውን ጊዜ የሚቆመው ለአከራዩ ነበር። ስታውባክ ግን ለተከራዩ ቆመ፤ ቢሮ የሚፈልገውን ድርጅት ወክሎ ቦታ ይፈልግለታል፣ በዋጋውና በውሉ ይከራከርለታል። በአንድ ገበያ ለሁለት ጌታ የሚያድር ደላላ አንዱን መበደሉ አይቀርምና፣ ደንበኛው ይህን ወደደ።

በ1980 ስታውባክ ከሜዳ ተሰናበተ። ከምክንያቶቹም አንዱ በጨዋታ ላይ ደጋግሞ ጭንቅላቱን መመታቱ ነበር። ሌላው ተጫዋች «ከእንግዲህ ምን በልቼ ላድር ነው?» ብሎ በሚጨነቅበት ቀን፣ እርሱ የ10 ዓመት የሥራ ልምድና የራሱ ኩባንያ ነበረው። በ2008 ያ ኩባንያ ጆንስ ላንግ ላሳል ለተባለው ድርጅት ወደ 613 ሚሊዮን በሚጠጋ ዶላር ተሸጠ።

ልጁ ይህን ሰምቶ ዝም አላለም። «ስመ ጥር ባይሆን ማን በሩን ይከፍትለት ነበር?» አለኝ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ስም በር ያስከፍታል፤ ለ30 ዓመት ግን ከውስጥ አያስቀምጥም። የቢሮ ኪራይ የሚከፍል ነጋዴ ውሉን ይመረምራል እንጂ ስንት ኳስ ወረወርህ ብሎ አይጠይቅም። ደግሞስ ኮከብ የሆነው ሰው እንኳ ሁለተኛ ሙያ ካስፈለገው፣ ኮከብ ለማንሆነው ለአብዛኞቻችን እንዴት አብልጦ አያስፈልገን!

አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉት ለዚህ ነው። ምክሩ ለኳስ ተጫዋች ብቻም አይደለም። ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ከቢሮ የምትወጣው ወጣት ጸሐፊ ሆይ፣ የዛሬው ወንበርህ ለዘላለም ያንተ አይደለም፤ የማታው ትምህርት ሁለተኛው ባላህ ነው። ዋናው ነገር ሁለተኛውን ባላ የመትከያው ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ከተሰበረ በኋላ የሚቆፍር ሰው፣ የሚቆፍረው ከወደቀበት ሆኖ ነው። ስታውባክ የቆፈረው ገና ሲጨበጨብለት ነበር።

ለልጁ፣ «ኳሱን ተው አላልሁህም፤ ደብተርህን ግን አትጣለው» ብዬ አሰናበትሁት። ምን እንደ ወሰነ እስካሁን አልነገረኝም። ሰኞ ጧት ግን ከፊት ወንበር ተቀምጦ ሲጽፍ አገኘሁት። ጭቃ የነካው የኳስ ጫማውም ከወንበሩ ሥር ነበር።