«ይህ ደግሞ ውዝዋዜ ነውን?»

አዲስ ውዝዋዜ በታየ ቁጥር ይህን የሚጠይቅ ተመልካች አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የማይገባው ችኮላው ነው።

ሰኔ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ፣ በጀድሰን መታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን፣ 14 የውዝዋዜ ደራሲዎች አንዱን ምሽት ተካፍለው 23 ሥራዎች አሳዩ። አብዛኞቹ የሙዚቃ ሰው የሆነው የሮበርት ደን ተማሪዎች ነበሩ፤ መግቢያውም በነጻ ነበር። ከእነርሱ መካከል ኢቮን ሬይነርና ስቲቭ ፓክስተን ቀደም ሲል ለወጣቶች በተሰናዳ ሌላ መድረክ ተፈትነው ሳይመረጡ ቀርተዋል። መራመድና መሮጥ ሳይቀር ውዝዋዜ ሊሆን ይችላል ብለው የተነሡ ናቸውና፣ ፈታኞቹ ግር ቢላቸው አይደንቅም። ሃያ ሦስቱም ሥራ ሰምሮ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ሦስት ሰዓት ያህል የተቀመጠ ሰው መሰልቸቱ አይቀርም። ነገር ግን ያው ፓክስተን በ1964 ዓ.ም. ሁለት ሰዎች ክብደታቸውን እየተደጋገፉ የሚወዛወዙበትን ስልት አስጀመረ፤ ዛሬም በብዙ አገር ይሠራበታል።

ስለዚህ አዳራሽ የመፍቀድ ሥልጣን በእጃችሁ ያለ ወጣት ሹማምንት፣ ማመልከቻ ሲቀርብላችሁ «ስሙ የታወቀ ነውን?» ከማለታችሁ በፊት ለጀማሪዎቹ አንድ ምሽት በጋራ ስጧቸው። ተማሪዎችም እስከ መጨረሻው ሥራ ተቀምጣችሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለ ይሉኝታ ፍረዱ።